ስንት ወረወረ?

ጁን 8 ቀን 2010 ምሽት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ላይ ነበርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።) የከተማው ቤዝቦል ቡድን ከሆነው ከናሽናልስ ስታዲየም ወረድ ብዬ ሳውዝ ካፒቶል መንገድ ዳር ቆሜ ጨዋታው አልቆ ሰው እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲያልቅ ተሳፋሪ አለ። ያን ቀን ግን ከውስጥ የሚመጣው ጩኸት ሌላ ነው። በየደቂቃው ይፈነዳል። ምን ጉድ ነው ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ስቴፈን ስትራስበርግ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን እየተጫወተ ነበር። ፒቸር ነው፤ ኳሷን የሚወረውረው ሰው ማለት ነው። ያን ምሽት 94 ጊዜ ወርውሮ የፒትስበርግ ተጫዋቾችን 14 ጊዜ በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን መምታት አቅቷቸው፣ መለሳቸው። የመጨረሻዎቹን ሰባቱን ደግሞ በተከታታይ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት "ድንጋይ ውርወራ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ገና ዓመት የሞላው ልጃችን አጠገቧ ተኝቷል።

ያ ልጅ አሁን 16 ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤቱ ፒቸር ነው። ቤዝቦል ጨብጦ የማያውቅ አባት ፒቸር እንዴት ያሳድጋል ብለው ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል። ግማሹን የተማርኩት ስትራስበርግን ከሩቅ እየተከታተልኩ ነው። ግማሹን ደግሞ በልጄ ክንድ ላይ ተሳስቼ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ፒቸሩ ማውንድ የሚሏት ጉብታ ላይ ይቆማል። 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ዱላ የያዘ ሰው ይጠብቀዋል። ከዱላኛው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ካቸር ይባላል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትመጣ ዱላኛው አይቶ፣ አስቦ፣ ለመምታት ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰው ሲወጣ የአንዱ ቡድን ተራ ያበቃል። ሁለቱም ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይሆናል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። የቀረውን ደንብ እኔም አንዳንዴ ይጠፋብኛል።

ልጄ በ9 ዓመቱ የሰፈር ቡድን ገባ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ መናፈሻ እንሄዳለን። እሱ ይወረውራል፣ ካቸሩ እኔ ነኝ። ቁጢጥ ማለት ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ሙያ ስለሆነ አልቸገረኝም። ኳሷ ግን ሁለት ጊዜ ቅልጥሜን አግኝታኛለች። ከ150 ግራም የማትበልጥ ነገር እንዲህ ታስነክሳለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

አወራወሩን እንዴት ላስተምረው? ቪዲዮ በዝግታ እያስኬድኩ ሳይ ሳይ አንድ ቀን ፍንትው አለልኝ። ጅራፍ ነው! እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ቡሄ ሲመጣ ጅራፍ እያጮህኩ ነው ያደግኩት። በእጁ ብቻ ሊያጮህ የሚታገል ልጅ ክንዱን ይዞ ነው የሚያመሸው፣ ድምፁም አይወጣለትም። የሚችልበት እግሩን ይተክላል፣ ወገቡን ያዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ነው። ፒቸርም እንደዚያው ነው። ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው። ስለዚህ ኳሷን ተቀበልኩትና ፎጣ አስያዝኩት። በፎጣ ማለማመድ እዚህ አገር የታወቀ ነገር ነው፣ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እኔና እሱ ግን ስሙን "ቡሄ" አልነው። ፎጣው "ጧ!" ካለ ወገቡ ሠርቷል ማለት ነው።

ስለ ጅራፍ ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ቶሎ የሚበጣጠሰው ጫፉ ነው። ይህንን ከልጄ ክርን ጋር ለማገናኘት ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ስትራስበርግን አይቼ መንቃት ነበረብኝ። ያ ሰው ሁሉ ከጮኸለት ምሽት ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ፊላደልፊያ ላይ አንድ ኳስ ወረወረና ክንዱን አራገፈው። ክርኑ ውስጥ የላይኛውንና የታችኛውን አጥንት አያይዞ የሚይዘው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስሙ የሐኪም ይመስላል፣ ግን የፒቸር ስም ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራለት የዶጀርስ ቡድን ተጫዋች ነው። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣት አጋጥማችሁ የእጃችሁን አንጓ አጠፍ አድርጉት። መሐል ላይ ክር የመሰለች ጅማት ብቅ ትላለች። እሷን አውጥተው ነው ክርኑ ላይ የሚጠግኑት። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም የለችውም፣ ምንም አይጎድልበትም። ቶሚ ጆን ከዚያ በኋላ እስከ 1989 ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን ስሰማ "እንግዲህ ቢበጠስም ይጠግኑታል" ብዬ ተጽናናሁ። አሁን ሳስበው የጅል ማጽናኛ ነበር። ፒቸሩ እስኪመለስ ዓመት ይፈጅበታል፣ ያውም ከተመለሰ።

በ2012 ናሽናልስ ለዋንጫ ሲሮጥ ክለቡ ስትራስበርግን በሴፕቴምበር አስቆመው። ክርኑ ከተጠገነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ 159 ኢኒንግ ወርውሯል፣ ይብቃው ተባለ። ኤርፖርት ታክሲ ወረፋ ላይ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረም። "ድግሱ ደርሶ ወጥ ሠሪዋን ማባረር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!" አለ አንዱ። እኔም ከሱ ጋር ወገንኩ። ያለሱ ወደ ዋንጫው ጥሎ ማለፍ ገቡና ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻው ጨዋታ 9 ለ 7 ተሸነፉ። ወረፋው ላይ ለሳምንት ለቅሶ ተቀመጥን።

በ2019 ግን ዋንጫው መጣ። ከሂዩስተን ጋር በነበረው የዋንጫ ፍልሚያ ስድስተኛ ጨዋታ ስትራስበርግ ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ተቆጠረበት። ለካ ጓንቱ ውስጥ ኳሷን ሲይዝ እጁ ምን ዓይነት ኳስ ሊወረውር እንደሆነ ያሳብቅ ነበር። አሠልጣኙ ነገረው። ከዚያ ከመወርወሩ በፊት ጓንቱን መነቅነቅ ጀመረ፣ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስም ሌላ ነጥብ አልሰጠም። የዚያ ፍልሚያ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በማግስቱ ልጄ ጓሮ ውስጥ ጓንቱን እየነቀነቀ አጥሩን በኳስ ሲደበድብ አገኘሁት። ያኔ ነው የምር ፒቸር መሆን እንደሚፈልግ የገባኝ።

የ2012ቱ ዕረፍት ነው የ2019ን ዋንጫ ያመጣው ብሎ መማል አይቻልም። ወረፋው ላይ ያልኩትን ግን ዛሬ አልደግመውም። ምክንያቱ ደግሞ የ2022 ክረምት ነው።

ልጄ 13 ዓመቱ ነበር፣ በሁለት ቡድን ይጫወታል። ቅዳሜ ለአንዱ 70 ገደማ ወረወረ። እሁድ ለሌላኛው ወጣ፣ ስንት እንደወረወረ አላውቅም። የቅዳሜው ኮች ስለ እሁዱ አያውቅም፣ የእሁዱም ስለ ቅዳሜው አልጠየቀም። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ አጨበጭባለሁ። ከጎኔ የተቀመጠ አባት "ልጅህ ክንዱ ብረት ነው" ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ።

ሰኞ ማታ ገበታ ላይ ልጁ በግራ እጁ ይጎርሳል። እናቱ "ምን ዓይነት ነውር ነው፣ በቀኝህ ብላ!" ስትለው እንባው መጣ። ክንዱ አልታጠፍ ብሎታል። ከጠዋት ጀምሮ ደብቆን ኖሯል።

ሐኪሙ ራጁን እያየ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ወረወረ?" የሚል ነበር። ዝም አልኩ። እኔ ለታክሲው በየቀኑ የቀዳሁትን ነዳጅ፣ የነዳሁትን ማይል በደብተር የምመዘግብ ሰው ነኝ። የልጄን ክንድ ግን አልመዘገብኩም። ደግነቱ ጅማቱ አልተበጠሰም። ክርኑ ላይ ያለው አጥንት የሚያድግበት ቦታ ነው የተቆጣው። በዚህ ዕድሜ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ቀድሞ ይጎዳል አለን። ሁለት ወር ኳስ እንዳይነካ አዘዘ።

በዚያው ሰሞን፣ ጁን 9 ቀን፣ ስትራስበርግ ማያሚ ላይ ወረወረ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ከ2019ኙ ዋንጫ ማግስት የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። በዚያ ውል የወረወረው በስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉበት ቦታ ተጨናንቆበት አንድ የጎድን አጥንት እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በ2024 በ35 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ታክሲ ወረፋ ላይ "ሳይሠራ በላ" የሚሉት አሉ። እኔ ከእንግዲህ በዚህ አልሳተፍም።

ሐኪሙ አንድ መመሪያ ሰጠኝ። ትልቁ ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 አብረው ያወጡት ነው፣ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። የ13 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 በላይ አይወረውርም። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ጭራሽ አይወረውርም። በሁለት ቡድን ባንድ ጊዜ ፒቸር አይሆንም። የመጀመሪያውን አላውቅም፣ አልቆጠርኩም፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን አፍርሻለሁ። ወረቀቱን እስከዚያ ቀን ማንም አላሳየኝም ማለት እችላለሁ፤ እኔም አልፈለግኩትም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ ነው የምሄደው። አራት ጭረት በቁም፣ አምስተኛዋ በአግድም። ሰው ያየኛል፣ ግድ የለኝም። አንዱን ቡድን ተውነው። የተውነው ኮች ሲቆጣ በአገራችን ጨዋነት አንገቴን ደፍቼ አዳመጥኩት፣ ልጁን ግን አልመለስኩለትም። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ የቤዝቦል ኳስ አይነካም፤ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ነው። በዚያ ወቅት ለኮሌጅ መልማዮች የሚታዩበት ዝግጅት ያመልጠዋል፣ እሱም ያኮርፋል። አንድ ጊዜ "አባዬ፣ ሌሎቹ እየቀደሙኝ ነው" ብሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት የሚበልጡት አሉ።

ጠምዛዛ ኳስም፣ አየር ላይ የምትታጠፈዋን፣ አቆየንበት። ለሁለት ዓመት በሁለት ዓይነት ብቻ ነው የተጫወተው፣ ፈጣኗና በዚያው የእጅ አወራወር ቀስ ብላ የምትመጣዋ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት የምወዳት። ክንዱ ሲሮጥ ታየዋለህ፣ ዱላኛው ይቸኩላል፣ ኳሷ ገና እየመጣች ነው። ጉልበት ያላቸው ልጆች ባዶ አየር መትተው ዞረው ሲወድቁ አይቻለሁ። እናቱ እንኳ፣ ቤዝቦልን ድንጋይ ውርወራ ያለችው፣ ይቺን ለይታ ታውቃታለች። "ያቺን አታላይዋን ወረወረ!" ብላ ከወንበሯ ትነሳለች።

ያለፈው ቅዳሜ ቡድኑ 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ሁለት ሰው ወጥቷል፣ አንድ ቢያስወጣ ጨዋታውን ብቻውን ይጨርሳል። ደብተሬ ላይ 92 ጭረት አለ። አልጮኽኩም፣ አላጨበጨብኩም፣ እርሳሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሱ ወደኔ አልዞረም። ኮቹን ጠራው፣ ኳሷን እጁ ላይ አስቀመጠለትና ከማውንዱ ወረደ።

መኪና ውስጥ ቀበቶውን እያሰረ "ስንት ሆነ?" አለኝ።

"92።"

"አይደለም፣ 93 ነው። በአራተኛው ኢኒንግ አንዷን ዘለሃታል፣ ከእማዬ ጋር ስታወራ።"

ደብተሩን ከእጄ ወስዶ መቁጠር ጀመረ።