ሆድ ሳይጎድል ንገራቸው

ሳን ፍራንሲስኮ እያለሁ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቫን እነዳ ነበር። ሥራውን ያለማመዱኝ አንድ ጎንደሬ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 2018 ላይ ቫኑን ሙሉ ቱሪስት ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ብሮሹሩ «ከሞንቴሬይ እስከ ሳን ሲሚዮን፣ ውቅያኖሱን ሳይለቁ» ይላል። አይቻልም። በግንቦት 2017 መድ ክሪክ የሚባል ቦታ ላይ ተራራው ተንዶ በውቅያኖሱ ዳር የሚሄደውን መንገድ፣ ሀይዌይ 1ን፣ ቀብሮታል። ቢሮው ያውቃል። እኛን ግን «መንገድ ላይ ታስረዷቸዋላችሁ» ብሎ ሸኘን።

ብዙ ሾፌር እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወጣው «መንገዱ ዝግ ነው» የሚለው ምልክት ሲመጣ ነው። ጋሼ ካርሜል ነዳጅ ማደያው ጋ ሞተር አጠፉና ወደ ኋላ ዞሩ። መንገዱ መቆረጡን፣ ተራራውን አቋርጠን እንደምንዞር፣ ጥቂት ሰዓት እንደሚጨምር ነገሯቸው። «ኮንዶር ታያላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። ኤለፋንት ሲሎቹን ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ አሳያችኋለሁ» አሉ። ኮንዶር ግዙፍ ጥንብ አንሳ ነው፤ ኤለፋንት ሲል ደግሞ አሸዋ ላይ የሚወጣ ግዙፍ የባሕር እንስሳ።

አንዱ ሰውዬ ገንፍሎ ተነሳ። «ገንዘቤ ይመለስ!» ጋሼ አልተከራከሩትም። «ልክ ነህ። ይኸው የቢሮው ስልክ። ቢግ ሰር ከገባን ኔትወርክ ስለሌለ አሁኑኑ ደውል» አሉት። ደወለ፣ ጮኸ፣ ወጣለት። ተመልሶ ገባ።

«መጥፎ ወሬ ሆድ ሳይጎድል ነው የሚነገረው። የራበው ሰው ማብራሪያ አይሰማም» አሉኝ በአማርኛ።

ወደ ተራራው ከመታጠፋችን በፊት፣ የሚያቅለሸልሻቸውን ወደ ፊት ወንበር ለማዛወር ዳር ይዘን ቆምን። ከገደሉ ሥር አንድ ኮንዶር ብድግ ብሎ በፊታችን አለፈ። ተዘርግቶ 3 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክንፍ ነው፤ የታሰረበት ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። በ1987 በዓለም ላይ የቀሩት 27 ብቻ ነበሩ፣ እነሱም በሰው እጅ። የዛሬዎቹ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነበበው ያው «ገንዘቤ ይመለስ» ባዩ ነው።

ተራራውን የሚያቋርጠው ናሲሚየንቶ-ፈርግሰን መንገድ ጠባብ ነው፣ በገደሉ በኩልም አብዛኛው መከለያ የለውም። ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ጥግ ይዞ ያሳልፋል። ቫኑ ውስጥ ጸጥ አለ። ተራራውን ወርደን በጦር ሠፈሩ አልፈን ሀይዌይ 101 ላይ ስንወጣ ስልኬ ጮኸ። ቢሮው ነው። «ዘግይታችኋል፣ ሲሎቹን ዝለሏቸው።» ጋሼ መሪውን እንደያዙ «ቃል የገባሁት እኔ ነኝ በለው» አሉኝ። አልኩት።

በፓሶ ሮብልስ ዞረን ካምብሪያ ወረድንና ሽቅብ ወደ ሳን ሲሚዮን ታጠፍን። መንገድ ዳር ላሞች መሀል የሜዳ አህያ ቆሟል። እዚያ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት የሠራው ሐርስት የሚባል ባለጸጋ የራሱ መካነ እንስሳ ነበረው፤ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ነጭ ሳር ሄጄ የማላውቅ ሰው የሜዳ አህያ ካሊፎርኒያ ላይ ማየቴ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ፒየድራስ ብላንካስ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አሸዋው ከዳር ዳር በሲል ተሞልቷል። ትልቁ ወንድ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አፍንጫው እንደ ኩምቢ ተንጠልጥሎ፣ ሲያገሳ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ያወጣል። ሽታውን ብሮሹሩ አይጠቅሰውም። እናት አራት ሳምንት ያህል እህል ውሃ ሳትል ታጠባና አንድ ቀን ጥላ ባሕር ትገባለች። ግልገሎቹ ዋናውን ራሳቸው ይማራሉ። አንዲት አሮጊት ይህን ስትሰማ «ምነው!» ብላ ከአጥሩ አልላቀቅ አለች። ጋሼ ሰዓታቸውን አላዩም።

ቢሮው ለሰውዬው ከፊሉን ገንዘብ እንደመለሰለት በኋላ ሰማን። ሰውዬው ለጋሼ ጠቀም ያለ ጉርሻ ሰጥቶ ነው የወረደው፣ ይህን ቢሮው አልሰማም። ብሮሹሩን የቀየረ የለም። ሐምሌ ላይ መንገዱ ሲከፈት በራሱ ጊዜ እውነት ሆነ።