ጣና ላይ ጀልባ አቁሞ ማደር፦ የዘንድሮ ክረምት የመልህቅ ትምህርታችን

ዘንድሮ ተሳካልን። እንጦስ ደሴት አጠገብ መልህቅ ጣልን። ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ተነሳ፤ ማታ ደግሞ ተገለበጠ። ጀልባችን ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ከአምና ጀምሮ የለፋነው ለዚህ ነበር። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ። ጀልባ ያላችሁ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ተጋርታችሁ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ የተማርነውን እጽፋለሁ።

ስለ አጀማመራችን ብዙ አልልም። አራት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን እዚሁ ባሕር ዳር መምህራን ነን፤ አራተኛዋ ነርስ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ሲዘጋ ጊዜ እናገኛለን። ጀልባዋ አሮጌ የፋይበር ጀልባ ናት፤ አነስተኛ ሞተር አላት። ምሰሶዋን ከባሕር ዛፍ አቆምንላት። ሸራውን የሰፋልን የአይሱዙ ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ነው። ጠርዙን ደርቦ፣ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በብረት ቀለበት አጠናክሮ፣ ያማረ ሥራ ሠራልን። በሸራ መሄድ ቶሎ ነው የገባን። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ሸራውን ሰብሰብ፣ ከኋላ ሲመጣ ለቀቅ፣ ፊት ለፊት ሲሆን ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ መውጣት። ጥሩ ጥሩ ጠዋት ካገኛችሁ እጃችሁ ይለምደዋል።

ጣጣው መቆም ላይ ነው።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባዋ በየሞገዱ ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር የመልህቁን ገመድ ትነጥቃለች። ታቹ ደግሞ ጭቃ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ደለል ይዘው ይገባሉ። እኛ በለካንባቸው ቦታዎች ደሴቶቹ ሥር ቋጥኝ ነው፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ለስላሳ ጭቃ ይጀምራል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክራችሁ ድንጋይ አስራችሁ እንድትጥሉ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የፊዚክስ መምህር ነኝና በቁጥር ላስረዳ። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የክብደቱን ሲሶ ያህል ያጣል። 20 ኪሎ ገደማ ይቀረዋል። ያ 20 ኪሎ ለስላሳ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ጸጥ ባለ ጠዋት ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይበቃል። ታንኳ ከሆነችም ደንገል ናት፣ ቀላል ናት፤ ሥራ ሲያልቅ ተስባ ዳር ትወጣለች። ምሰሶ ያላትን ጀልባ ግን ድንጋይ አያቆማትም። መልህቅ የሚይዘው መሬቱን ቆፍሮ ሲገባ ነው። ይህንን ከያዛችሁልኝ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ቀጥሎ ያለው የፌሮ መልህቅ ነው። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ አራት ፌሮ አስታጥፋችሁ ታስበይዳላችሁ። ቋጥኝ ላይ ጎበዝ ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። እንዲያውም ጠዋት አልለቅም ብሎ ያስቸግራል። ለዚህ ከመልህቁ ራስ ላይ ሌላ ቀጭን ገመድ አስራችሁ ጫፉ ላይ ጀሪካን አንሳፉ፤ በዚያ በኩል ወደ ላይ ሲጎተት ይለቃል። ጭቃ ላይ ግን ቀጫጭን ጣቶቹ ጭቃውን እየሰነጠቁ ይመጣሉ። ገንፎን በሹካ እንደ መያዝ ነው።

እኛን የገላገለን ከላሜራ የተሠራ መልህቅ ነው፤ ዳንፎርዝ የሚባለው ዓይነት። ሁለት ሰፋፊ፣ ጫፋቸው የሾለ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ ይታጠፋሉ፤ በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ ጫፋቸው ወደ መሬት ይዞራል። ሲጎተት እየቆፈረ ይገባል። ፎቶውን ይዘን ብየዳ ቤት ሄድን። ባለሙያው አገላብጦ አየውና «ማረሻ ነው እንዴ የምታሠሩት?» አለን። በእርግጥም ሥራው ማረስ ነው። ወሳኙ ነገር በክንፎቹና በዘንጉ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ለአሸዋ የሚመከረው 32 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለለስላሳ ጭቃ 45 ዲግሪ። እኛ 45 አስደረግነው። ተማሪዎቼ የሚለኩበትን ትልቁን የሰሌዳ ማዕዘን መለኪያ ይዤ ሄጄ ነበር። ባለሙያው ክንፎቹን የሚያቆመውን ብረት ከመበየዱ በፊት እሱ ይዞ እኔ ለካሁ፤ እኔ ይዤ እሱ ለካ። ያን ቀን የተለፋው ልፋት እስከ ዛሬ ይከፍለናል። አሁን መልህቁን አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል፤ ከድንጋዩ ጋር ግን አያያዙ አይገናኝም።

መልህቁ ጥሩ ቢሆንም ገመዱ አጭር ከሆነ ዋጋ የለውም። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይነቅለዋል። ረጅም ገመድ አግድም ስለሚጎትተው ይበልጥ ይቀብረዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። የውኃው ጥልቀት ላይ ከውኃው እስከ ጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ ያለውን ከፍታ ደምሩ። ድምሩን በ5 አባዙት፤ ነፋስ ካለ በ7። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው ግማሽ ሜትር ቢሆን 4.5 በ7፣ ማለትም 31 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ለ4 ሜትር ውኃ ይህን ያህል ገመድ መልቀቅ ሆድ ያባባል። ልቀቁት። ጀልባዋ ግን በዚያው ገመድ ልክ ስለምትዞር፣ ዙሪያዋ ላይ ቋጥኝም ሌላ ጀልባም አለመኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘውን የፕላስቲክ ገመድ አትግዙ። ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈ ገመድ የናንተም የሰውም ሞተር ላይ ይጠመጠማል። ናይለን ግዙ። ይሰምጣል፤ ሲጎተትም ስለሚለጠጥ የሞገዱን ንጥቂያ ያለዝበዋል። በገመዱና በመልህቁ መካከል ሦስት ሜትር ያህል ሰንሰለት አድርጉ። ሰንሰለቱ የመልህቁን ዘንግ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ የሚያልቀውም እሱ ነው፤ ገመዱ ይተርፋል።

መልህቅ አይወረወርም። ጀልባዋን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሟት። መልህቁን በእጃችሁ እያወረዳችሁ መሬት አስነኩት። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋት ገመዱን ልቀቁ፣ ከዚያ እሰሩትና ሞተሩን በቀስታ ወደ ኋላ ስጡት። እጃችሁን ገመዱ ላይ አኑሩ። መልህቁ እየተጎተተ ከሆነ ገመዱ እጃችሁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ገና ይላላል፣ እንደ ገና ይንቀጠቀጣል። ሲይዝ ገተር ብሎ ይቀራል። ይህንን ስሜት ስልክ ላይ ከሚጫን አፕ ሁሉ አስበልጬ አምነዋለሁ።

እዚህ ድረስ ያለውን አምናውኑ ደርሰንበታል። ፈተና የሆነብን የማታው ነፋስ ነው። ቀን ፀሐይ የብሱን ከውኃው ይልቅ ታሞቀዋለች፤ ነፋሱም ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች የከሰዓቱ ነፋስ ከሰሜን ነው የሚመጣብን። ማታ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ነፋሱ ይገለበጣል። በዚህ ላይ የክረምት ደመና ሲደርስ ነፋሱ ከየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። መልህቁ ከሰዓት የተቀበረው ጀልባዋ ወደ ደቡብ ስትስበው ነው። ማታ ወደ ሰሜን ስትስበው በመጣበት ተነቅሎ ይወጣል። እንደ ገና መቀበር አለበት። ክንፎቹ ላይ ጭቃ ተለጥፎ ከሆነ ደግሞ አይቀበርም፣ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ይከተላል። አምና ራት ቀርቦ፣ ወሬው ደርቶ፣ ቀና ስንል ደሴቱ ርቆ እናገኘው ነበር። ብዙ ተበሳጭተናል።

ያወጣን ሁለተኛ መልህቅ ነው። አንዱን በሰሜን፣ አንዱን በደቡብ እንጥላለን። መጀመሪያ ሰሜኑን ጥለን ገመዱን እጥፍ አድርገን እንለቃለን፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄዳ የደረሰችበት ላይ ሁለተኛውን እንጥላለን። ከዚያ የመጀመሪያውን ገመድ እየሰበሰብን መሃል ላይ እንመጣለን። ሁለቱም ገመዶች የሚታሰሩት ከፊቷ ነው። አንዱን ከኋላ ካሰራችሁት ጀልባዋ ወደ ነፋሱ መዞር አትችልም፤ ሞገዱ ጎኗን ይመታታል። ከፊት ሲሆን ነፋሱ ሲገለበጥ ዞር ትልና ከአንዱ መልህቅ ወደ ሌላው ትደገፋለች። የትኛውም ወደ ኋላ አይነቀልም። ዕዳው ጠዋት ላይ ነው። ጀልባዋ ስትዞር ካደረች ገመዶቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ መፍታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ደሴቱ ላይ ካለ ዛፍ ጋር እሰሩት የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም። የደሴቶቹና የዘጌ ዛፎች እስከ ዛሬ የቆሙት ገዳማቱ ስለጠበቋቸው ነው። ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ልጣጩን ሲፍቀው ያድራል። ግድ ከሆነባችሁ አባቶችን አስፈቅዱ፤ ግንዱ ላይም ጆንያ ጠቅልሉበት።

ከዕቃዎቻችን ሁሉ የምወደው መለኪያ ገመዳችንን ነው። በየሜትሩ ቋጠሮ አለው፤ ጫፉ ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ብረት አለ። ከብረቱ ግርጌ ሞራ እንለጥፋለን። ሲወርድ ቋጠሮው ጥልቀቱን ይነግረናል። ሲወጣ ሞራው የታቹን ይዞ ይመጣል። ጭቃ ከሆነ ጠቁሮ፣ አሸዋ ከሆነ ፍሬ ፍሬው ተለጥፎበት፣ ቋጥኝ ከሆነ ባዶውን ተጨፍልቆ። ክረምት ላይ ውኃው ድፍርስ ነው፤ በዓይን ታቹን አያለሁ ማለት ዘበት ነው። ውኃውም ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እየሞላ ይሄዳል። በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሰኔ ላይ አፍጦ የምታዩት ቋጥኝ ነሐሴ ላይ ከውኃው ሥር ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ዞር ዞር ብላችሁ ዳሩን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ይህንን በጣም አደራ እላለሁ።

ቦታ ስትመርጡ አብራችሁ ያለውን ሰው አስቡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኛ ነርሷ ጓደኛችን ጀልባ ላይ እንድትቀር ስለማንፈልግ እንጦስ ኢየሱስ ወይም ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንሄዳለን። በፍልሰታ ደግሞ ሱባኤ የገባ ሰው ብዙ ነው። ሞተሩን ራቅ ብላችሁ አጥፉ፤ ሙዚቃም ይቅር።

ከመልህቅ በፊት መረብ ጠይቁ። ዓሣ አጥማጆች ማታ መረብ ይጥላሉ፤ ምልክቱ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው፣ ሲመሽ አይታይም። «ጋሼ፣ መረብ የት ነው ያላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም። የአንድ ሰው መረብ ተቀደደ ማለት ቤቱ ተጎዳ ማለት ነው። የኛን ጀሪካን ቀይ የቀባነውም ከመረብ ምልክት እንዲለይ ነው። ደንገል ውስጥና አባይ በሚወጣበት አካባቢ አትቁሙ፤ ጉማሬ አለ። ዳር ላይ ሣር ያለበት ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ላይፍ ጃኬት ዋና ለሚችለውም ነው። መብረቅ ሲጀምር ሐይቅ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው የናንተ ምሰሶ ነው። ስለዚህ የክረምት ሸራ የጠዋት ነው ባይ ነኝ። ከሰዓት ደመና ሲከብድ እኛ ሸራውን አውርደን፣ ምሰሶውን አስተኝተን፣ ወደ ዳር ወጥተናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት መልህቅ ጥለንም ቢሆን ሌሊት ተማምኜ አልተኛሁም። ተራ ገብተን እንጠብቃለን። ቀን ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትና ከፊቱ ያለ አንድ ዛፍ በአንድ መስመር እናያለን፤ መስመሩ ከተዛነፈ ተንቀሳቅሰናል። ማታ በከተማው መብራቶች እንሞክራለን፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም የለም። ያን ጊዜ የኔ ዘዴ መለኪያ ገመዱን መሬት አስነክቶ ላላ አድርጎ መተው ነው። ከተወጠረ ጀልባዋ ሄዳለች። ጓደኞቼ ይበቃል ተኛ ይሉኛል። እኔ እጄን ከገመዱ ላይ አላነሳም።

ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወደ ደቅ ደሴት ለመሄድ አስበናል። በምዕራቡ በኩል፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አጠገብ ማደር እንፈልጋለን። እዚያ መልህቅ ጥሎ ያደረ ሰው ካለ ታቹ ጭቃ ይሁን ቋጥኝ፣ ከሰዓት ነፋሱ ከየት እንደሚገባ ይጻፍልን። የላሜራውን መልህቅ ልኬት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ፤ ፎቶውን እልካለሁ።