«ፍቺ» ሳይሆን «ይፍረስልኝ» ያልኩበት ምክንያት

«ዝም ብለሽ ለምን አትፋቺም?» ያላለኝ ዘመድ የለም። እውነታቸውን ነው። ከ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወዲህ አንዱ ወገን በቃኝ ካለ ትዳሩን በግድ የሚያስቀጥል የለም። ክርክር የሚበዛው በንብረትና በልጅ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የሚካፈል ንብረትም ልጅም አልነበረንም።

ግን ሰውየው እኔን ሲያገባ ሌላ ሚስት ነበረችው። ፍቺ ብጠይቅ ደህና ተጋብተን በኋላ ያልተስማማን ሰዎች ሆነን ነው መዝገብ ላይ የምንቀረው። እኔ የፈለግኩት ጋብቻው ከመነሻው መፈጸም እንዳልነበረበት ፍርድ ቤት እንዲጽፍልኝ ነው። ሕጉ አንቀጽ 11 ላይ በጋብቻ ላይ ሌላ ጋብቻ መፈጸምን ይከለክላል። አንቀጽ 33 ደግሞ እንዲህ ያለው ጋብቻ እንዲፈርስ ከተጋቢዎቹ አንዳቸው ወይም ዐቃቤ ሕግ መጠየቅ እንደሚችሉ ይናገራል።

ሰውየው የሚኖረው ላስ ቬጋስ ነው፣ በግሪን ካርድ። ለማዘጋጃው ጋብቻ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እዚሁ አዲስ አበባ አውጥቶ ነበር። እዚህ ያለ መዝገብ አሜሪካ የተደረገን ጋብቻ ከየት ያውቃል? ነገሩ የተነቃው ወደ አሜሪካ የመሄጃዬ ፕሮሰስ ሲጀመር ነው። ለሚስቱ የሚያመለክት ሰው ከዚያ በፊት አግብቶ ከነበረ ያ ጋብቻ ማብቃቱን የሚያሳይ ወረቀት ማያያዝ አለበት። የኛ ሰው ግን ዛሬ ነገ እያለ ሰበብ ይደረድራል። አንዴ ሥራ በዛብኝ፣ አንዴ ጠበቃው ታመመ።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ቬጋስ አለ። ከተማዋ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ የጋብቻ መዝገቡን ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲፈልግበት ክፍት አድርጎታል። ስም ማስገባት ብቻ ነው። መጀመሪያ ምንም አልመጣለትም። ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደጸሐፊው ነውና የአባቱን ስም አንድ ፊደል ቀይሮ ሞከረ። ወጣ። የሴትየዋ ስም፣ ቀኑ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሁሉ።

ጠበቃዬ ጋ የሄድኩት ብሶቴን በሙሉ ጽፌ ነው። ስልክ አለማንሳቱን፣ የላክንበትን ሽማግሌዎች ማዋረዱን፣ እናቴ ለድግሱ የተበደረችውን፣ ምኑ ቅጡ። እሷ እስኪርቢቶዋን አንስታ መሰረዝ ጀመረች። እኔ እያየሁ ገጹ ጠቆረ። የተረፉት ከማን ጋር ተጋባ፣ የት፣ መቼ፣ ያ ጋብቻስ እኔን ባገባበት ቀን ፈርሶ ነበር ወይ የሚሉት ብቻ ናቸው። «ዳኛዋ ክፉ ሰው ነው አይደለም ብላ አትጠይቅሽም። የምታየው የሠርጋችሁን ቀን ነው» አለችኝ። በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምነግራት ይህንኑ ነው። ከእስኪርቢቶው የተረፈው ብቻ ነው ክስ።

በነገራችን ላይ ጋብቻ እንዲፈርስ የሚያስጠይቀው ይህ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ከ18 ዓመት በታች ሲሆን፣ ዝምድና ሲኖር፣ አንዱ ተገዶ ሲያገባም ይጠየቃል። መሠረታዊ ስህተት የሚሉትም አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ችሎት ደጃፍ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የነበረች ልጅ ባሏ «ሐኪም ነኝ» ብሎ አግብቷት ሥራ ፈት ሆኖ እንደተገኘ አጫወተችኝ። አታሏታል፣ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ሕጉ በስም የሚጠራቸው እንደ ተጋቢው ማንነት ወይም የማይድን ወይም በዘር ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ያሉትን ነው። ሥራና ገንዘብ እዚያ ውስጥ የሉም። ጊዜውም አጭር ነው። ስህተቱ በታወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከጋብቻው በ2 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ ያበቃል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልል ላይ ያገባ ሰው የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ማየት አለበት።

የእኔ ፈተና ወረቀት ነበር። ከኢንተርኔት የታተመ ገጽ ማስረጃ አይሆንም። ካውንቲው ማኅተም አድርጎ የሰጠው ግልባጭ በኔቫዳ ስቴት፣ ከዚያ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን እየተረጋገጠ መጣ። እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። በመጨረሻ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፤ የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነውና። ማኅተም በማኅተም ላይ ተደራርቦ ዋናው ጽሑፍ የት እንዳለ መፈለግ ነበረብን። ተርጓሚው የሰውየውን ስም በመታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ እንዲጽፍ ጠበቃዬ ቆማ አሠርታዋለች። አንድ ፊደል ቢለይ «ይህ ሌላ ሰው ነው» የሚል ክርክር እንደሚመጣ ታውቃለች።

ከሁሉ ያልጠበቅኩት የመጀመሪያዋን ሚስት ነው። የአክስቴ ልጅ አፈላልጎ አገናኘን። ትጮህብኛለች ብዬ ተሳቅቄ ነበር። «እህቴ፣ ለኔም አገር ቤት ቤት እየሠራሁ ነው ነው ያለኝ» አለችኝ። ለካ ቤቱ እኔ ነኝ። ኖተሪ ፊት ምላ «አልተፋታንም» ብላ ፈረመች። እሱም ወረቀት በዚያው ረጅም መንገድ መጣ።

ሰውየው አልቀረበም። ወንድሙ ውክልና ይዞ መጣ። መልሱ «ከዚያች ሴት ጋር ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል፣ አብረው አይኖሩም» የሚል ነው። ዳኛዋ ቀና ብላ «የፍቺ ውሳኔ አለ?» አለች።

«ተለያይተዋል፣ ክብርት ዳኛ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ውሳኔ አለ ወይ?»

ዝም አለ። እንዲያቀርብ ቀጠሮ ተሰጠው፤ ቀጠሮው ሲደርስ ባዶ እጁን መጣ። ጋብቻው ፈረሰ።

ውሳኔው ሲነበብ ያልገባኝን በኋላ ጠበቃዬ አስረዳችኝ። መፍረስ ሁሉን ነገር እንዳልነበረ አያደርግም። ልጅ ብንወልድ ኖሮ የአባቱ ልጅ ነው፣ መብቱ አይነካም። እንደ ተፋታች ሴትም 180 ቀን ሳይሞላ ማግባት አልችልም፤ እርጉዝ አለመሆኔ በሕክምና ካልተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር። ማን ሊያገባ ቸኩሏል ብዬ ሳቅኩ።

የወንጀሉ ጉዳይም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ሁለተኛዋን ተጋቢ አውቆ ያሳሳተን ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ወንድሞቼ ካልከሰስሽ ብለው አገር ይያዝ አሉ። እኔ ግን ያንን አልገፋሁበትም። ሰውየው እዚህ የለም፣ እኔም በሱ ስም ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ታከተኝ። ሌላዋ ብትከስ ግን አልፈርድባትም።

የውሳኔውን ግልባጭ ጋብቻው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሰጠሁ። ሌላ አንድ ግልባጭ አውጥቼ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። ቬጋስ ያለችው የመጀመሪያዋ ሚስት በበኩሏ የፍቺ ክስ ልትመሠርት ነው፤ ሰውየው አዲስ አበባ ላይ ማግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ፈልጋለች። አሁን ወረፋ ይዤ ያለሁት ውጭ ጉዳይ ነው፣ ማኅተም ላስመታላት።