ለመሪት የሚሆን ላባ

ሰሞኑን ከሐሳቤ የማትጠፋ ልጅ አለች። ስሟ መሪት ነው። እኔው የፈጠርኳት የጥንት ግብፅ ልጅ ናት። ንግሥት እንዳትሆን ገና ከጅምሩ ወስኛለሁ። በጥንት ግብፅ ስም የሚሳሉ ገጸ ባሕርያት አብዛኞቹ ወርቅ በወርቅ ናቸው። አንገታቸው ላይ አንክ የሚባለው የሕይወት ምልክት፣ ግንባራቸው ላይ እባብ፣ ዓይናቸው ላይ ኩል። ያምራሉ፤ ግን ጌጡን ብታወልቁላቸው ማን እንደሆኑ አይታወቅም።

መሪትን ያሳደግኳት ዴር ኤል መዲና ነው። ከሉክሶር ማዶ፣ በናይል ምዕራብ በኩል ያለች የሠራተኞች መንደር ናት። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉትና የሚስሉት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። አባቷም ሠዓሊ ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ በቀይ ይነደፋል፤ ከዚያ አለቃው በጥቁር ያርመዋል። የፈርዖን ሆረምሄብ መቃብር ሳያልቅ ስለቀረ፣ ቀዩ ንድፍና ጥቁሩ እርማት ዛሬም ግድግዳው ላይ አብረው ይታያሉ። ይህን ሳይ የመሪትን ቀለም አገኘሁ! ቀይ የበረሃና የአደጋ ቀለም ነው። ጥቁር ደግሞ የሕይወት ነው፤ ናይል ሞልቶ የሚተወው አፈር ጥቁር ነውና። (አፈሩ አብዛኛው ከእኛው ደጋ በዓባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ መሆኑን ሳስብ ልቤ ይነካል።) ስለዚህ የመሪት ጣቶች ሁልጊዜ ቀይ ናቸው። ጥቁሩን ለመንካት ገና አልተፈቀደላትም።

ታሪኳ የሚጀምረው በ3ኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ገደማ ነው። የሠራተኞቹ ደመወዝ እህል ነበር፤ እሱም ዘገየ። ሥራ አቁመው ወጡና ቤተ መቅደስ ጓሮ ሄደው ቁጭ አሉ። ረሃብና ጥም ነው ያመጣን፤ ልብስ የለን፣ ዘይት የለን፣ ዓሣ የለን፣ አትክልት የለን አሉ። ቃላቸው የተጻፈበት ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ጣሊያን፣ ቱሪን ሙዚየም ይገኛል።

በጥንት ግብፃውያን እምነት ሰው ሲሞት ልቡ በአምላካቸው በማአት ላባ እንደሚመዘን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ማአት እውነትም ሥርዓትም ፍትሕም ናት። እኔን የያዘኝ ግን የሞቱ ፍርድ አይደለም። ማአትን በምድር ማስጠበቅ የፈርዖኑ ግዴታ ነበር። የሠራተኛው ጎተራ ባዶ ሲሆን ታዲያ ማነው መመዘን ያለበት?

የመንደሩ ሰዎች በኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ ይስሉ ነበር። ድመት አይጥን ስታገለግል ሳይቀር ስለዋል። መሪትም ስባሪ አንስታ ሚዛን ትስላለች። ባንዱ በኩል ላባ፣ በሌላው ባዶ የእህል መስፈሪያ። ላባዋ አንገቷ ላይ አይንጠለጠልም፤ እጇ ላይ ነው ያለው።

የቀረኝ ፀጉሯ ነው። የዚያን ጊዜ ልጆች ራሳቸውን ተላጭተው በጎን በኩል አንድ ጉንጉን ይተውላቸው ነበር፤ የእኛን አገር ቁንጮ ያስታውሰኛል። ዕድሜዋን ወደ አሥር ባወርደው ጉንጉኑ ይኖራታል። ግን በዚያ ዕድሜ ያን ሥዕል ትደፍራለች? እኔ ትደፍራለች እላለሁ። ነገ ከነጉንጉኗ እስላታለሁ።