ጤፍ መስሎኝ ነበር

የክረምት ተማሪ ያማከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ተማሪዎቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ ሐምሌ ላይ ከየወረዳው ይመጣሉ፣ ሁለት ወር ተምረው ይመለሳሉ። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ክረምት አማካሪና ተማሪ የሚገናኙት በቴሌግራም ነው። እሱም ኔትወርክ ካለ።

ያን ዓመት ዘጠኝ ተማሪ ደርሶኝ ነበር። አንዷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ማስተርሷ በትምህርት አመራር፣ ርእሷ ደግሞ የወረዳዋ መምህራን በሥራቸው ምን ያህል ይረካሉ የሚል ነው። ፕሮፖዛሏ ክፉ አልነበረም። ምዕራፍ ሦስት ላይ ግን «50 መምህራን ይመረጣሉ» ብላ አልፋዋለች። ለምን 50? እንዴት ተመረጡ? ምንም የለም። በቀይ አሰመርኩበትና ጎኑ ላይ «ጀስቲፋይ!» ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያትሽን አስረጂ ለማለት። ከነቃለ አጋኖው። ከዚያ የሚቀጥለውን ፕሮፖዛል አነሳሁ።

እሷም ወረዳዋ ገባች፣ ጠፋች። ጥር ላይ «እንዴት ነው ሥራው?» ብዬ ጻፍኩላት። አንድ ራይት ብቻ አሳይቶ ቀረ። ሰንፋለች አልኩ፤ ስልክ መደወል እንኳ አላሰብኩም። ስምንት ሌሎች አሉብኝ፣ ክፍል አለብኝ፣ እርማት አለብኝ። (ይሄን ምክንያት ሁላችንም አማካሪዎች በቃላችን እናውቀዋለን።)

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሙሉ ቲሲስ በኢሜይል መጣልኝ። 94 ገጽ። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ምዕራፍ አራት ላይ ስደርስ መምህራኑ «ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጃቸው» ጋር ያላቸው ግንኙነት ይተነተናል። ጥቂት ገጽ ወረድ ስል የኤቲኤም ብልሽት በመምህራኑ ላይ የሚያሳድረው የሥራ ጫና መጣ። ገባኝ። የባንክ ሠራተኞች ቲሲስ ነው። «ሠራተኛ» የሚለው ሁሉ በአንድ ጊዜ «መምህር» ተብሎ ተተክቷል፣ ባንኩ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ክረምቱ ሲጀመር ቢሮ ጠራኋት። በሩን አንኳኩታ ስትገባ በትከሻዋ ማዳበሪያ ተሸክማለች። ጭራሽ ጤፍ! ደሜ ፈላ።

«ምንድን ነው ይሄ? እኔን በእህል ልትገዢኝ ነው?»

ደነገጠች። ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የታሰረበትን ሲባጎ መፍታት ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከውስጥ የወጣው ወረቀት ነው። በየትምህርት ቤቱ በላስቲክ የታሰረ መጠይቅ፣ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ አንዳንዱ የቡና ጠብታ ያረፈበት።

«361 ነው፣ ዶክተር። የወረዳው መምህር በሙሉ 480 ነው። ለሁሉም አዳርሼ ነበር፤ የቀሩት አልመለሱልኝም።»

«50 አልነበር ያልሽው?»

«እርስዎ ጀስቲፋይ አሉኛ። 50 አንሷል ማለትዎ መሰለኝ።»

ባጃጅ በሚገባበት በባጃጅ፣ በማይገባበት በእግሯ ሄዳለች። ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየሠራች አምስት ወር ፈጅቶባታል። መረጃው ሲሰበሰብ ደግሞ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር አታውቀውም። እኔን ለመጠየቅ ፈራች። ከተማ ወጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች፤ ቲሲስ የሚሠራ ልጅ አለ ብለዋታል። 9,000 ብር ከፈለች። ማዳበሪያውን ስታሳየው ልጁ ፈቶም አላየው። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለውን የእኔን ጽሑፍ ግን አይቷል። ምን እንዳለ ስጠይቃት አቀርቅራ ነገረችኝ፦ «የሰውዬው ኮሜንት ለእኔም አልገባኝም። ከምንጨነቅ ሌላ እንሥራ አለኝ።»

ቲሲስ ሻጩ እንኳ አልገባውም!

ከማዳበሪያው አንድ ያልተሞላ መጠይቅ አወጣሁና ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፍኩላት። ለናሙና ስንት ሰው እንደሚበቃ የሚያሰላው የያማኔ ቀመር፣ የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.)፣ እዚህ አገር ማስተርስ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው። ጠቅላላ ቁጥሩን፣ አንድ ሲደመር ጠቅላላ ቁጥሩ በስህተት መጠኑ ስኩዌር ተባዝቶ ለሚገኘው ታካፍያለሽ። የስህተት መጠኑን አምስት በመቶ ካልን 480 ለ2.2፤ ወደ 218 ሰው። ከየትምህርት ቤቱ በመምህሩ ብዛት ልክ በዕጣ ትወስጂያለሽ። አለቀ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያን አሥር ደቂቃ ባለፈው ነሐሴ ሰጥቻት ቢሆን አምስት ወር ባልተንከራተተች።

በደንቡ ከሄድን ያን የባንክ ቲሲስ ለዲፓርትመንቱ ማሳወቅ ነበረብኝ። አላሳወቅኩም። በይፋ የገባ ስላልነበር ድራፍት ነው ብዬ መለስኩላትና ከዜሮ ጀመርን። ልክ አልሠራህም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ያለ ማዳበሪያው ብትመጣ እኔም እንደነሱ አደርግ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ቢሮዬ ጥግ ላይ ቁጥር ስታስገባ ከረመች። 361 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 32 ጥያቄ። አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች። አንዱ መምህር ሁሉንም «በጣም አልስማማም» ብሎ ሞልቶ ከታች «የቤት ኪራይ የሚል ጥያቄ ለምን የለም?» ብሎ ጽፎባታል። እውነቱን ነው፣ እኔም ፕሮፖዛሉን ሳይ አላስተዋልኩትም። በዚያ ምክንያት አሥራ ሁለት መምህራን ፈልጋ በስልክ ቃለ መጠይቅ አደረገች። የቲሲሱ ምርጡ ክፍል እሱ ሆነ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ኮሜንት ስጽፍ «ጀስቲፋይ» የምትለዋን ቃል ትቻታለሁ። ቢሮ ያወራነውን ደግሞ ተማሪው በራሱ አማርኛ ጽፎ፣ ከመውጣቱ በፊት በቴሌግራም እንዲልክልኝ አደርጋለሁ። ግማሹ ያልኩትን ሳይሆን ሌላ ነገር ይዞ ሊሄድ ሲል ነው የምይዘው።

በዲፌንሱ ቀን ኤክስተርናሉ፣ ከውጭ የመጣው ፈታኝ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ የፈራሁትን ጠየቀ። «218 ይበቃሽ ነበር። ወረዳውን በሙሉ ማዳረስ ለምን አስፈለገ?»

ለዚህ ጥያቄ ከዋዜማው ተዘጋጅተንበታል። ሁሉም መምህር ዕድል እንዲያገኝ፣ የማይመለሰው መጠይቅ ውጤቱን እንዳያዛባ ምናምን የሚል ያማረ መልስ አስጠንቻት ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ።

«አማካሪዬ ጀስቲፋይ ብለውኝ ነው» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ የያዝኩትን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ።