የጥለቱ ጀርባ

ጅማ፣ ሰኔ

ከባህል ልብስ ትርኢት የሚወጣ ሰው ሲያወራ የሚሰማው ስለ ሞዴሎቹ ቁመት፣ ስለ ዘፈኑና ስለ መብራቱ ነው። ጨርቁን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። አንዲት ሞዴል 12 ሜትር በሚሆን መድረክ ላይ ሄዳ፣ ዞራ እስክትመለስ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሸማኔ ስንት ቀን ጎንበስ ብሎ የሠራው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት አስቀድሞ ካልታወቀ አዳራሽ ተገብቶ ልብሱ ሳይታይ ይወጣል።

መቀመጫ ከሁሉ ይቀድማል። ሰው የሚሻማው ከመድረኩ ጫፍ ፊት ለፊት ያሉትን ወንበሮች ነው፤ ለፎቶ ይመቻሉ፣ ግን ከዚያ የልብሱ ጎን አይታይም። ጎኑን፣ ከመድረኩ ርዝመት መሐል አካባቢ ያለውን እመርጣለሁ። ሞዴሏ ስትሄድ የትከሻው አቀማመጥና የቀሚሱ አወዳደቅ ይታያል፤ ስትመለስ ደግሞ የኋላ ስፌቱ። የእጅ ሽመና ጨርቅ ጠባብ ነው፤ መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው ክንድ በሚደርስበት ልክ ስለሆነ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ ሁሉ የሆነ ቦታ መጋጠሚያ አለው። ጠንቃቃ ልብስ ሰፊ፣ ጥለቱ መጋጠሚያው ላይ እንዳይሰበር አስልቶ ይቆርጣል። ያልተጠነቀቀው ጋር ጥለቱ ጎን ላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ከጎን ለተቀመጠ ወዲያው ይታያል፣ ከፊት ለፊት ላለ ግን በፍጹም።

ትርኢቱ ሲያልቅ ደግሞ አለመቸኮል። ዋናው ነገር ያለው ልብሶቹ በተዘረጉበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አስፈቅዶ፣ እጅን አድርቆ፣ የጥለቱን ጀርባ መገልበጥ። ጥለቱ በእጅ የተሸመነ ከሆነ የቀለሙ ክር ከማጉ ጋር አብሮ ስለሚገባ ጀርባው ላይ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገሩ ክሮች ይገኛሉ። በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ቋጠሮዎች ይነካሉ። በማሽን የተጠለፈ ጨርቅ ከሥር ሌላ ክር አለው፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፣ ወረቀት መሰል ገበርም ተለጥፎበት ይገኛል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዝዞ ይታያል። አራቱም ይሸጣሉ፣ አራቱም የሚለብሳቸው አላቸው። የሚያሳዝነኝ የታተመው በሸማኔ ሥራ ዋጋ ሲጠራ ነው፤ ገዢውን ከመጉዳቱ በላይ ሸማኔውን ከገበያ ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ክሩ ነው። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ውጥረቱን ስለሚችል። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ሊሆን ይችላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ነው፤ የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ዋጋ ለማስቀነስ የሚከራከሩ አሉ፤ የፈታይዋ እጅ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። የእጅ ፈትል ለስላሳ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ግን ሲታጠብ ይሰበሰባል። 1 ሜትር ከ40 የሚረዝም ቀሚስ 5 በመቶ ቢሰበሰብ 7 ሳንቲሜትር ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ጠርዝ ባት ላይ ይወጣል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ መድረቁን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ቀለሙም አለ። በጅማ ዝግጅቶች ላይ በብዛት የሚታየው የኦሮሞ ባህል ልብስ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው፤ ቀይና ነጭ ደግሞ ጎን ለጎን ሲውሉ ከውኃ ጋር አይስማሙም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ የሚያለማምድ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበረታ ከተማ ውስጥ ነን። ነጭ መሐረብ አርጥቦ ቀዩን ጥለት ከውስጥ በኩል 10 ጊዜ ያህል ማሸት። መሐረቡ ከቀላ ቀለሙ በደንብ አልያዘም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልወደደ መልሱ ተገኝቷል ማለት ነው።

ለራስ አለባበስም ያው ዝናብ ይታሰባል። የቀሚሱ ጠርዝ በሚደረገው ጫማ ተለክቶ ከመሬት 5 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ጥጥ ላይ ሲያርፍ እርጥቡን ማሸት ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባዋል፤ እስኪደርቅ ትቶ፣ በብሩሽ አራግፎ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ማጠብ። በረኪና አይነካውም። አፈሩን የሚያቀላው ብረት ስለሆነ በረኪና ነገሩን ያባብሰዋል። ማታ ስለሚቀዘቅዝ ነጠላ ብቻ አይበቃም፣ በአራት ድርብ የተሠራው ጋቢ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ይሻላል።

ሰዓትን በተመለከተ ለአዘጋጆች ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ 12 ሰዓት ላይ አትጀምሩ። መግሪብ የሚደርሰው በዚያው አካባቢ ነው፣ ከታዳሚው ብዙው ለሶላት ይወጣል፣ ትርኢቱም መሐሉ ላይ ይሳሳል። ከቀኑ 10 ሰዓት ቢጀመር በቀን ብርሃን ያልቃል፤ መብራት ቢጠፋም ጄነሬተር እስኪነሳ ሞዴሎች ጨለማ ውስጥ አይቆሙም። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጧር በኋላ ማድረግ ነው።

የቡናው ጥግ ያለበት ቦታም ያሳስበኛል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስና ዕጣኑ ጥጥ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ይቆያል፤ የልብስ ጠረጴዛ ከረከቦቱ አጠገብ መሆን የለበትም። «ቡና ቀላ» የሚባለው የሚበላ የቡና ፍሬ ከቀረበ ጥንቃቄው ይጨምራል፣ በቅቤ የተጠበሰ ስለሆነ ቅቤው ጣት ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ጨርቁን ማየት፣ ቀጥሎ ቡናውን መቅመስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ጊዜ አለ።

ዕደ ጥበቡ ጋ ስንደርስ፣ የጅማ በርጩማ የሌለበት ባዛር ማየት ይከብዳል። ሦስት እግር ያለው መሬት ወጣ ገባ ቢሆንም ስለማያወላግድ ነው። ጥሩው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ገልብጦ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ማየት። የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከወረደ አንድ አካል ነው፣ ስንጥቅ መሰል ክብ መስመር ካለ ተለጥፏል። ዋንዛ ሲደርቅ ቀለል ይላል፤ ከመጠኑ በላይ የከበደና ሲነካ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፣ ደረቅ አየር ወዳለበት አገር ሲወሰድ ከመሐሉ ይሰነጠቃል። የእንጨት ሥራ እዚህ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ለመረዳት ግን ባዛር አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጂሬን ኮረብታ ላይ አለ፤ ዕቃዎቻቸው ከተማው ውስጥ በጅማ ሙዚየም ይታያሉ። ከትርኢቱ በፊት ግማሽ ቀን ለሁለቱ ቢሰጥ፣ መድረክ ላይ «የጅማ» ተብሎ የሚቀርበው ከምን እንደተነሳ፣ ወይም ከምንም እንዳልተነሳ፣ ዓይን በራሱ ይለያል።

ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ነጭ ልብስ ካሜራን እንደሚያታልል ይወቅ። ስልኩ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። ማያው ላይ ፊቱን በጣት መንካት ያስተካክለዋል። የዳውሮ ዲንካ ሲነፋ ደግሞ ከመሣሪያው ጫፍ ትይዩ አለመቆም፤ ረጅም ስለሆነ ድምፁ የሚወጣው ከነፊው ርቆ ነው። ማይክ የነፊው አፍ ጋ የሚያቆሙ የድምፅ ባለሙያዎች የሚቀዱት ትንፋሹን ነው። አዛውንት ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ግድ ነው፤ በኦሮምኛ ለሴት «አዴ»፣ ለወንድ «ኦቦ» ብሎ ሰላምታ አስቀድሞ፣ ሲጨርሱ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን።

ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የጥለቱን ስፋት በሳንቲሜትር፣ የማጉን ዓይነትና የሚደርስበትን ቀን በወረቀት ያስጽፍ። «እንደዚያኛው አድርግልኝ» ማለት አያዋጣም፤ ያኛው ተሽጦ ከሄደ ማመሳከሪያ የለም። ከጥለቱ ጣት የምታህል ቁራጭ ናሙና ተሰጥታ እዚያው ወረቀት ላይ በስፒል ብትያያዝ ሸማኔውም ሰፊውም ገዢውም አንድ ነገር እያዩ ይነጋገራሉ።