ሊዱ ላይ ከመፍረዴ በፊት
እማማ "እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ዓይኔ ይጨልምብኛል" አሉኝ። ፔስሜከራቸውን (ልባቸውን በኤሌክትሪክ የሚያስመታውን መሣሪያ) በፕሮግራመር፣ ማለትም በማንበቢያ ኮምፒውተሩ፣ አየሁት። የሊዱ (ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚሄደው ሽቦ) ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ 540 ኦም፤ ጤነኛ ቁጥር ነው። ባትሪው አልቆ መሣሪያው በአዲስ ከተቀየረም ገና ሦስት ወሩ ነው። "ደህና ነው" ብዬ ሸኘኋቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸውን ስተው ወድቀው መጡ። ቁጥሩ አሁንም ያው። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ግን "ዶክተር፣ እስቲ እጃቸውን ያንሱና እንየው" አለች። ግራ እጃቸውን ሲያነሱ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተተራመሰ። ፔስሜከሩ ያን ሁሉ ጫጫታ የልብ ምት መሰለውና ዝም አለ። የእሳቸው ልብ ደግሞ ያለ እሱ አይመታም። "ያውርዱት! ያውርዱት!" ብዬ ጮህኩ። ከእሳቸው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ።

ለጊዜው መሣሪያው ምንም ሳያዳምጥ ዝም ብሎ እንዲመታ አስተካክዬ አስተኛኋቸው። ከዚያ የቆየውን መዝገብ ገለጥኩ። ኢምፒዳንሱ አንዳንድ ቀን ከ2000 ኦም በላይ ዘሎ ተመልሷል። ይህን ገጽ መጀመሪያ ቀን አልከፈትኩትም ነበር። አሁን ከዕለቱ ቁጥር በፊት የምከፍተው እሱን ነው።

ሊዱ ከመሣሪያው ጋር አልተቀየረም፤ 9 ዓመቱ ነው። "ተሰብሯል፣ ይነቀል" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የቆየ ሊድ ግን በጠባሳ ከደም ሥሩና ከልቡ ጋር ይጣበቃል። ሲነቀል ትልቁ ደም ሥር ሊቀደድ ይችላል፤ የልብ ቀዶ ሐኪም በቅርብ ሳይኖር አይሞከርም። ደግነቱ ራጁን አጉልቼ አየሁት። የሊዱ ጫፍ መሣሪያው ውስጥ ከምትይዘው ብሎን አላለፈም! መሣሪያው ሲቀየር እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው።

መጀመሪያ በሌላ ደም ሥር ጊዜያዊ ፔስሜከር አስገባሁ። ያለዚያ ሊዱ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ልባቸው ይቆማል። ቆዳውን ከፍቼ ሊዱን በጣቴ ሳብ ባደርገው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ደሙን ጠረግኩ፤ ጫፉ ከብሎኗ ማለፉን በዓይኔ አየሁ፤ መፍቻዋ ቀጭ ቀጭ እስክትል አጠበቅኩ። መልሼ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ይህች ሳብ ማድረግ አምስት ሰከንድ አትፈጅም፤ ያኔ ተደርጋ ቢሆን እማማ ባልወደቁ።

(ቦታው ቀልቶ ወይም መግል ይዞ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። መሣሪያውም ሊዱም ይወጣል፤ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም።)

ለቀጠሮ ሲመጡ እጃቸውን አስነሳኋቸው። መስመሩ ጸጥ ብሏል። እኔ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ።

"አሁንስ ላውርደው?" አሉኝ።